ዘጠኙ ፊደላት

«ዘጠኙንም ፊደላት ከፎንቱ አውጪያቸው» አለ አለቃዋ ኑርጋዚ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን እያየ። «የወተት ፋብሪካው ሰዎች ደውለው ነበር። ጅራታቸውና ሰረዛቸው ማሸጊያውን ያቆሽሸዋል አሉ።»

ኡልቦልሲን እጇን ከማውሱ አላነሳችም። ለፋብሪካው ማሸጊያ ቅርጸ ፊደሉን መሳል የጀመረችው በካዛክስታኗ አልማቲ ላይ በረዶ መጣል ሲጀምር ነበር። ወፍራም፣ ጫፉ ሁሉ የተድቦለቦለ፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ፊደል ነው። የሩሲያኛዎቹ አላስቸገሯትም። ያደከሟት ካዛክኛ በሩሲያኛው ፊደል ላይ ለብቻው የጨመራቸው ዘጠኙ ናቸው፤ በተለይ እግሩን ሰረዝ የሚያቋርጠው «ኡ»። ወፍራም ፊደል ላይ ሰረዝ ሲጨመር የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። ሰረዙን አቀጠነችው፣ አሳጠረችው፣ እግሩን አስረዘመችው። በመጨረሻ ፊደል ሆነ።

«ያለነሱ እኮ ካዛክኛ አይጻፍበትም፣ ኑርጋዚ አጋ» አለችው፣ ታላቅ በሚከበርበት አጠራር።

«ካዛክኛው ከጀርባ ነዋ፣ በደቃቁ፣ ከስብና ከስኳር መጠኑ ጋር። ለሱ ሌላ ፎንት አይጠፋም። ፊት ለፊት ሩሲያኛ ነው።»

«ባለቤቶቹ ካዛኮች አይደሉም እንዴ?»

«ለዚህ ነዋ! ባላገር እንዳይባሉ!» ብሎ ሳቀ። «ደግሞስ የአገሩን ጽሕፈት ወደ ላቲን ፊደል እንቀይራለን አልተባለም? ነገ ለሚሞት ፊደል ምን ያንገበግብሻል?»

«እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁም ነገ ነበር የሚሞተው።»

«በይ ክርክሩን ተዪና አውጪ። የፊደሉ ማስተዋወቂያ ፖስተር ዛሬ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።»

አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ፊደሉ የተቀጠረችበት ስቱዲዮ ንብረት ነው፤ ለሷ የሚተርፋት ፖስተሩ ግርጌ የሚወጣው ስሟ ብቻ ነው።

«ኡሊያ ብለሽ ጻፊ» አለ ኑርጋዚ።

«ሙሉ ስሜን ነው የምጽፈው።»

«‹ወንድ ይሁን› የሚል ስም ይዘሽ ፖስተር ላይ ልትወጪ? በአባትሽ ሰው እንዲስቅባቸው? ለመሆኑ ወንዱ መጣላቸው?»

«አልመጣም። ከኔ በኋላ የተወለደችውም ሴት ናት።»

«ታዲያ ስሙም አልሠራማ!»

ኡልቦልሲን አልሳቀችም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኡሊያ መባልን የመረጠችው ራሷ ናት። ለአፍ ይቀላል፤ ትርጉሙን የሚጠይቅም የለም። ሙሉ ስሟ ያለበትን መታወቂያዋን እንኳ ሰው ፊት ማውጣት ታፍር ነበር።

ስሟን ሙሉውን ጻፈችው። የሚጀምረው ሰረዝ በሚያቋርጠው «ኡ» ነው፤ ከፎንቱ ስለወጣ በቦታው ባዶ ሳጥን ብቅ አለ። የተቀሩት ፊደላት ወፍረውና ተድቦልቡለው ከኋላው ተሰለፉ።

«ይኸው!» አለ ኑርጋዚ። «በይ ተራውን የሩሲያኛውን ኡ ተኪበት።»

«እንዲሁ ይሁን።»

«ሰው እኮ ስህተት ነው ይላል።»

«ስህተት ነዋ» አለችና ወደ ማተሚያ ቤቱ ላከችው።