ሳህኑ ላይ የበቀለው

የላብራቶሪ ባለሙያዋ የምርመራ ሳህኑን ወደ መብራቱ አዘነበለችው። ደም በተቀላቀለበት ቀይ የተዋህሲ ማብቀያ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች በቅለዋል፤ በዙሪያቸው ያለው ደም ተበልቶ ነጣ ብሏል። ከአንዷ ቆንጥራ መስታወት ላይ ቀባችና መለያ ፈሳሽ ጠብ አደረገችበት። እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠረ። ጥርጥር የለውም፤ አራስ ሕፃን የሚያሳምመው ተዋህሲ አለ።

ናሙናው ከታናሽ ወንድሟ ሚስት የተወሰደ ነው። ልትወልድ አንድ ወር ያህል የቀራት ይህች ሴት በቤተሰቡ ዘንድ ሚጣ ትባላለች። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ቀርቶ ውጤቱን ልትሰማ ብቻዋን ገባች።

"እትዬ፣ ምንም አላመመኝም እኮ!"

"አያምም። ብዙ ሴት ሳታውቀው ይዛው ትኖራለች። ሲወለድ ወደ ልጁ ከተላለፈ ነው ክፋቱ። ምጥ ሲጀምርሽ በደም ሥርሽ ፔኒሲሊን ይሰጥሻል፤ በቃ።"

ሚጣ በሩን ገልመጥ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"የለባትም ብለሽ ጻፊልኝ።"

"ምን አልሽ?"

"እማማን ታውቂያቸው የለ? ከብልቷ ተገኘ ሲባል ከሰሙ፣ ከየት አመጣችው ነው የሚሉት። እሱም ቢሆን..." በአገጯ ወደ ኮሪደሩ አመለከተች።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ እናቷን ታውቃታለች። ነገር አፏ ውስጥ አያድርም።

"ካልፈቀድሽልኝ ለእሱም ትንፍሽ አልልም። ያለውን የለም ብዬ ግን አልጽፍም። አዋላጇ ካላወቀች መድኃኒቱን አትሰጥሽም።"

"የወንድምሽ ትዳር ነው እኮ!"

"ሆድሽ ውስጥ ያለውም የወንድሜ ልጅ ነው።"

ሚጣ ሆዷን ዳበሰች። ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ቀና አለች።

"ጥሪው። አንቺ ባለሽበት ራሴ እነግረዋለሁ።"

ባሏ ሲገባ ነገረችው። የያዘውን የውኃ ፕላስቲክ ጨመቀና እህቱን አያት።

"ከየት ነው የመጣው?"

"ከየትም አልመጣም፤ አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። እኔም ጋ፣ አንተም ጋ ሊኖር ይችላል። የባለጌነት ምልክት ነው የሚልህ ካለ እኔ ጋ ላከው።"

"ታዲያ እኔን ለምን አልመረመራችሁኝም?"

"አንተም ልትወልድ ነው?"

ሚጣ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳይወድ ፈገግ አለ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እማ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያስ ይህን መድኃኒት ይሰጣል?" ሚጣ እዚያ እንድትወልድ ከአማቷ ጋር ከተስማሙ ሰንብተዋል።

"ልጁ ሳይወጣ በደንብ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። እዚያ ቅዳሜና እሁድ መድኃኒት ክፍሉ ዝግ ነው። ምጥ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።"

ስልኩን አወጣ።

"እማ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል። እዚሁ ሆስፒታል ነው የምትወልደው።"

የእናቱ ድምፅ እስከ ጠረጴዛው ማዶ ተሰማ። "ምን ሆና ነው? ምን ደብቃችሁኝ ነው?"

"እ... ሥራ ስለሚበዛብኝ..." ብሎ ጀመረ።

ሚጣ እጇን ዘርግታ ስልኩን ከጆሮው ላይ ወሰደችው።

"እማማ፣ እኔ ነኝ። ሥራ አይደለም፤ በምርመራ የተገኘብኝ ነገር አለ። እስቲ አረፍ ይበሉና ከእኔው ይስሙት።"