የመሥራቹ ሶፋ

የቀለም ፋብሪካው ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ ሲል፣ ሠራተኛው የሚያወራው ስለሚታደለው ቲሸርትና ስለሚቆረሰው ኬክ ነበር። አንዲት ሴት ብቻ በዓሉ በተነሳ ቁጥር መጥረጊያዋን ይዛ ዞር ትላለች። ሥራዋ ጽዳት ነው። በስሟ የሚጠራት የለም፤ የሟቹ የፋብሪካው መሥራች ቢሮ ቁልፍ ከአንገቷ ስለማይጠፋ «ወይዘሮ ቁልፍ» ነው የሚሏት።

ቢሮው እሳቸው እንደተዉት ይቀመጥ ተብሎ የተቆለፈ ክፍል ነው። በጣት የሚዞር ስልክ አለ፣ ጠርዙ የተበላ የቀለም ናሙና ሰሌዳ አለ፣ ባርኔጣቸው መስቀያው ላይ ነው፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ ቡናማ የቆዳ ሶፋ ተዘርግቷል። ወይዘሮ ቁልፍ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ትገባና አቧራውን ትጠርጋለች። ከዚያስ? ከዚያማ በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሶፋው ላይ ጥቅልል ብላ ትተኛለች። እንዲህ ስታደርግ ዓመታት አልፈዋል፤ ማንም አያውቅም።

ሰነፍ ናት እንዳትሉብኝ። ቤቷን ብታዩት ቁልፉን ራሳችሁ በሰጣችኋት ነበር። አማቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ አገላብጪኝ፣ ውሃ አምጪልኝ፣ ማነው በሩን የሚያንኳኳው ሲሉ ያድራሉ። ባሏ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ በዕረፍት ቀኗ ትንሽ ጋደም ልበል ብትል ከአማቷ አልጋ ሌላ ያለችውን አንዷን አልጋ ይዞ ያንኮራፋል። ትልቋ ልጇ ደግሞ ከባሏ ተጣልታ ጨቅላዋን ታቅፋ ተመልሳለች። ሕፃኑ ዝም ሲል አማቷ ይጣራሉ፣ አማቷ ዝም ሲሉ ሕፃኑ ይነሳል። እስቲ ፍረዱ፣ ይህች ሴት የት ትተኛ? ቆማ?

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ማይክሮፎን ሲይዝ ግን ራሱን አያውቅም። ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ለበዓሉ የመሥራቹ ቢሮ ለሕዝብ ይከፈታል፣ ሕዝቡ ከወደደው ደግሞ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ክፍት ይሆናል አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ወይዘሮ ቁልፍም አጨበጨበች፤ ምን ታድርግ? እጇ ያጨብጭብ እንጂ ሐሳቧ ሶፋው ላይ ነው። ያቺ የምሳ ሰዓት እንቅልፍ ከቀረችባት በምን ልትቆም ነው?

በዚያ ላይ ሌላ ጭንቅ መጣባት። ሶፋው ጎድጉዷል። የትከሻዋ፣ የዳሌዋ፣ የታጠፈ ጉልበቷ ቅርጽ ቆዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጡጫ ደበደበችው፣ ገልብጣ ረገጠችው፣ በስፌቱ በኩል ጨርቅ ጎሰጎሰችበት፤ ወይ ፍንክች! ከታወቀባት ደግሞ ከሥራዋ መባረሯ ነው።

የበዓሉ ዕለት ሰዉ ጎረፈ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ክራቫቱን አስሮ ስልኩን አሳየ፣ ባርኔጣውን አሳየ፣ ከዚያ ዓይኑ ሶፋው ላይ አረፈ። ወይዘሮ ቁልፍ በሩ ጋ ቆማ የአንገቷን ቁልፍ ጨበጠች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሥራቻችን ሌት ተቀን ሲለፉ ጎናቸውን የሚያሳርፉባት ቦታ ይህች ናት፣ ቅርጻቸው እስከ ዛሬ አልጠፋም አለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዷማ ዕንባዋን ጠረገች። እንግዲህ የተለቀሰው ለወይዘሮ ቁልፍ ዳሌ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ ያን ቀን ለመሳቅም አቅም አልነበራትም። ሌሊቱን አማቷ ዓይኗን አላስከደኗትም፣ ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ በእግሯ እንደቆመች ነው። ከሁሉ የከፋባት ሰዉ መውደዱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የመሥራቹ ልጅ ወደ ቢሮው መጡ። በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው፤ መድረክ ላይ ተጎልተው ንግግር ሲሰሙ ስለዋሉ ፊታቸው ጭምድድ ብሏል። ኬክ ሊቆረስ ነው ሲባል ሰዉ ግር ብሎ ወጣ፣ እሳቸው ቀሩ። ወደ ሶፋው ጠጋ ብለው ጎድጓዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ይህን ሶፋ ለአባባ እኔ ነኝ የገዛሁላቸው፣ ትንሽ ጎናቸውን እንዲያሳርፉ ብዬ አሉ። አባታቸው ግን ወረቀት ይከምሩበት ነበር እንጂ አንድም ቀን ጋደም ብለውበት አያውቁም። የሞቱትም እዚያው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ይህን ብለው በሩ ጋ ወደቆመችው ወይዘሮ ቁልፍ ዞሩ።

«ታዲያ ማነው የተኛበት?»

ልትዋሽ ፈለገች። መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቱ ደግሞ አልነበራትም።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ቤቴ መተኛ የለኝም።»

አንዴ ጉዷ ፈልቷልና አማቷንም፣ ባሏንም፣ ሕፃኑንም ሳትተነፍስ ዘረገፈችው። አሮጊቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወይዘሮ ቁልፍ መባረሯን ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

«እንኳንም አንድ ሰው ተኛበት» አሉ በመጨረሻ።

ይሄኔ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጋዜጠኞች አስከትሎ ተመልሶ ገባ። እትዬ፣ እስቲ አባትዎ እዚህ ሶፋ ላይ እንዴት ያርፉ እንደነበር ይንገሩልን አላቸው። አሮጊቷ እሱን አዩት፣ የደከመችውን ሴት አዩ።

«አባባ ምሳ ሰዓት በሩን ቆልፈው ይተኙ ነበር» አሉ፣ ፊታቸው እንኳ ሳይለወጥ። «በዚያ ሰዓት ማንም ዝር አይልም ነበር። አሁንም በዚያ ሰዓት እንዲዘጋ ነው የምፈልገው። ቁልፉም ከእሷ እጅ እንዳይወጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ደስታውን አልቻለውም። እንዲህ ያለ ታሪክ የት ይገኛል! በሌላው ሰዓት ቢሮው በየቀኑ ክፍት እንደሚሆን፣ ምሳ ሰዓት ግን ለመሥራቹ ክብር እንደሚዘጋ እዚያው አስታወቀ። ወይዘሮ ቁልፍ ዕንባዋ ግጥም አለ። አሮጊቷ ትከሻዋን ቸብ አድርገዋት እያዘገሙ ወጡ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ «የመሥራቹ የዕረፍት ሰዓት ነው፤ እባክዎ ድምፅ አያሰሙ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘች። ደስ ብሏት ገባች። ገብታም ደርቃ ቀረች። ጠዋት በሩን ከፍታ ወደ ሌላ ጽዳቷ ስትሄድ አናጢዎች መጥተው ሶፋውን ዙሪያውን በመስታወት አጥረውታል፤ ሥራ አስኪያጁ ጎድጓዳው በሰው እጅ እንዳይበላሽ ሰግቶ ነው። ደግ አሳቢ!

በመስታወቱ ውስጥ የራሷን ቅርጽ አየችው። እሷ ቆማ እሱ ተኝቷል። ቀናችበት፣ እውነቴን ነው። እዚያው መስታወቱ ሥር ምንጣፉ ላይ በጎኗ ወደቀችና ሥራ አስኪያጁን ከነክራቫቱ ትረግመው ጀመር። ተናዳ ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።