የማያልቀው ብልቃጥ

«ብልቃጧን ብቻ ስጪኝ» አሉ የሟቿ ባል እህት፣ ሻዩን ሳይቀምሱት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ። «ልብሷን ለፈለግሽው ስጪ፤ ጌጧንም ለራስሽ ያዢው። ያቺ ብልቃጥ ግን የወንድሜ እጅ ያረፈባት ናት።»

ልጅቷ ትሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከቀብሩ ወዲህ ሁለተኛው ቀን ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ተጨናንቋል። ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ፣ ጆሯቸውን ቀና አድርገዋል።

«የትኛዋን ብልቃጥ?» አለች፣ የቷ እንደሆነች አሳምራ እያወቀች።

«የክሬሟን ነዋ! ባለ ወርቃማ ክዳኗን። ስንት ብልቃጥ ነበራት?»

«መሳቢያ ውስጥ ናት፣ እትዬ። ቁልፉን ግን የት እንዳደረግሁት እንጃ።»

«ግድ የለም፣ ነገ ፈልጊልኝ። ነገም እመጣለሁ።»

ልጅቷ ወደ ማድ ቤት ገባችና ትሪውን አስቀምጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ያ መሳቢያ ከተሠራ ጀምሮ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም።

ሟቿ አክስቷ ናት፤ የአባቷ እህት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት፣ እሷም «እታለም» እያለች የምትጠራት። ሰፈሩ ግን «መስታወት» ነበር የሚላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ፣ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ፣ በእንፋሎት ስትቀቀል ኖረች። ባልደረቦቿ ፊታቸው እንደ ታጠበ ወረቀት ሲጨማደድ፣ የሷ ግን ጠዋት ጠዋት አዲስ እንደ ተገዛ ዕቃ ያበራል። ይህንንም አትደብቅም ነበር።

«ፊት የሰው በር ነው» ትል ነበር፣ አገጯን ቀና አድርጋ። «በሩን በርካሽ ቀለም የሚቀባ ሰው፣ ጓዳው ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቀው። እኔ ርካሽ ነገር ፊቴን አላስነካም!»

የኩራቷ ምንጭ ያቺ ብልቃጥ ነበረች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በዓመት አንዴ ከሩቅ ሲመለስ፣ ያንን ክሬም ከነሣጥኑ፣ ከነሐር ጥብጣቡ ይዞላት ይመጣል። ወፍራም ሰማያዊ ጠርሙስ፣ ከባድ ክዳን፣ የጽጌረዳ ሽታ። ባሏ የሞተ ዓመት ግን ሣጥኑም ጥብጣቡም ቀረ።

ልጅቷ በዚያ ዓመት አንድ ዕለት ያየችውን አትረሳውም። ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እታለም በፀጉር ሽቦ የብልቃጡን ጥጋጥግ ስትፍቅ አየቻት። እታለም ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ምን ታፈጥጫለሽ? እያጸዳሁት ነው» አለቻት።

አልቆብኛል ከምትል ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላት ነበር።

ልጅቷ በዚያው ወር ነበር በዋናው መንገድ ካለው መድኃኒት ቤት የተቀጠረችው። መድኃኒቱን የሚያውቁት ባለቤቱ ናቸው፤ እሷ የምትሸጠው ክሬም፣ ኩል፣ የከንፈር ቀለም፣ የፊት ሳሙና ነው። ቢሆንም ሰፈሩ «ፋርማሲ» ብሎ ሰየማት፤ ራሱን የታመመም፣ ፊቱ ላይ ያበጠበትም ወደሷ ይሮጣል። እዚያ፣ ከመደርደሪያው ሁሉ ታች፣ ደንበኛ ጎንበስ ካላለ በማያየው ቦታ፣ አረንጓዴ ክዳን ያለው ነጭ ቱቦ አለ። ሽታ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ «ለደረቅ ቆዳ» ከማለት በቀር ስለ ራሱ ምንም አይናገርም። ልጅቷ አንዱን ገዛች። እታለም ማለዳ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ ብልቃጡ ውስጥ ጨመቀችው፤ የጽጌረዳ ውሃ ጠብ አደረገችበትና በማንኪያ እጀታ አማሰለችው። ከዚያ ላዩን አለሳለሰች። በመጨረሻም፣ የሰው እጅ የገባበት እንዲመስል፣ በሌባ ጣቷ መሀሉን ጎድጎድ አደረገችው።

ሌላ ሌባ ዱካውን ያጠፋል፤ እሷ ዱካ ትሠራ ነበር።

ብልቃጡ በጎደለ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየጨመረች፣ ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። እታለም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። ይልቁንም ከላውንደሪ ባልደረባዋ ጋር ስትጫወት «አያልቅም እኮ!» ትላለች። «የውድ ዕቃ ነገሩ ይሄ ነው፤ ትንሿ ትበቃለች።» ይሄኔ ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ማድ ቤት ትሮጣለች።

ዛሬ ያ ሳቅ ይከነክናታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ኩሩ ሴት መቀለጃ አድርጌያት ኖሬ ይሆን? የባሏ እህት ደግሞ ያንኑ ውድ ክሬም ጠዋት ማታ የሚቀቡ ናቸው፤ ክዳኑን ከፍ አድርገው አንዴ ቢያሸቱ በቃ። አፋቸውም እንደ ሌላው ሰው አፍ አይደለም፤ አንዴ የገባበት ወሬ ሳይመሽ ከተማውን ይዞራል። «መስታወት ስትሏት የኖራችሁት፣ ያ ሁሉ ጉራ፣ ከታች መደርደሪያ ነው!» ይባላል። ሟች ተነስታ መልስ አትሰጥ።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ ሲል ብልቃጡን በነጠላዋ ጠቅልላ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ዕቅዷ ቀላል ነው፤ አጥባ ባዶውን መስጠት። «አልቆባት ነበር» ማለት። ቧንቧውን ከፈተች፤ ክዳኑን አሽከረከረች።

መሀሉ ላይ የጣት ጎድጓዳ አለ። የሷ ጣት የሠራው አይደለም። ጫፉ ወደ ግራ ዘመም ይላል፤ የእታለም ሌባ ጣት ካውያ ካቃጠለው ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ልቧ ከመቆሙ በፊት፣ ሥራ ልትሄድ ስትነሳ የነካችው ነው።

ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋች። እንደገና ከፈተች። ውሃው ይፈሳል፤ እጇ ግን ብልቃጡን ከሥሩ አላስገባም አለ። ልብሷ ታጥቦ ታጥፏል፤ አንሶላው ተቀይሯል፤ ጫማዋን እንኳ አንዱ ደግ ሰው ወልውሎታል። ከእታለም እጅ የቀረ ነገር ቢኖር ይቺ ጎድጓዳ ናት።

አንዲት ጎረቤት በሩን አንኳኳች። «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ውሃው ብዙ ፈሰሰ።»

«ደህና ነኝ! መጣሁ!»

ክዳኑን መልሳ ስታሽከረክር ነው አንድ ነገር ያስተዋለችው። ብልቃጡ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። እሷ ከሞላችው ወር አልፎታል፤ መጉደል ነበረበት። ጭንቀት ቀን አሳስቶኝ ይሆናል ብላ ተወችው።

በሦስተኛው ቀን የበሩ ድምፅ ሁሉ ያስደነግጣት ጀመር። ጫማ በተሰማ ቁጥር ዞር ትላለች፤ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ይልቅ ትሪው ይጠጣል። የላውንደሪዋ ባልደረባ፣ አጭሯና ድብልብሏ፣ ሁሉም «ሳሙና» የሚላት፣ ከጥግ ሆና «ነይ ቁጭ በይ፤ አንቺ ልጅ፣ ሻይ ነው የምታድዪው ጎርፍ?» አለቻት።

ረፋድ ላይ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት መጡ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ከልክለው አያውቁም። ያለ ነጭ ካፖርታቸው ግማሽ ሰው መስለዋል። አጠገቧ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናሽ።» ሻዩን ፉት አሉ። «ረቡዕ ረቡዕ በር በሩን ማየቴ አይቀርም እንግዲህ።»

«ለምን ረቡዕ?»

«ረቡዕ ያንቺ ዕረፍት አይደል? እሷ ያኔ ነበር የምትመጣው፤ በወር አንዴ፣ ላውንደሪው ለምሳ ሲዘጋ። ያቺን ባለ አረንጓዴ ክዳን ልትገዛ።» አንገታቸውን ሰበሩ። «አስምላኝ ነው እንጂ እነግርሽ ነበር።»

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ለማን ነበር የምትገዛው?»

«ለማን ይሆናል? ለብልቃጧ ነዋ! ‹ልጄ ተደብቃ ትሞላልኛለች፤ የኔ ፊት እንደ ሜዳ ሰፊ ነው፣ ደሞዟን ይበላባታል፤ ከሥር ከሥሯ ልጨምርበት› አለችኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ነዋ። የጽጌረዳ ውሃውን አብዝተሽው ኖሮ፣ ‹ላውንደሪ ውስጥ ሙሽራ ሙሽራ ሸተትኩ› ብላ እስክትታጠፍ ስቃለች። ለምን አትነግሪያትም ብላት፣ ‹ተው! ሲያጭበረብሩኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም› አለች።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ታወሳት፤ «አያልቅም እኮ!» ባለች ቁጥር እታለም በዓይኗ ጠርዝ ወደሷ የምትወረውረው እይታ። እሷ እኮ የጉራ እይታ ይመስላት ነበር።

«ቁልፉ ተገኘ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

የባል እህት ናቸው። ልጅቷ ተነሳች። ዶክተሩ የነገሯት ነገር ፍርሃቱን አላነሳላትም። የእታለም ስም አሁንም እዚያ ክዳን ሥር ነው። መኝታ ቤት ገባች፣ ብልቃጡን አወጣች። ሙቀት አበላሽቶት ነው ልበል? አሮጌ ስለሆነ ሽታው ጠፍቷል ልበል? ሳሎን እስክትደርስ አምስት ውሸት አሰናዳች።

ሴትየዋ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን አስጠጉ። ግንባራቸው ተቋጠረ። እንደገና አሸተቱ።

«ይሄ የሱ አይደለም» አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ልጅቷ ዞሩ። አምስቱም ውሸት አንደበቷ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ልጅቷ ግን አገጯ በራሱ ጊዜ ቀና ሲል ተሰማት።

«አይደለም» አለች። «ከታችኛው መደርደሪያ ነው፤ ባለ አረንጓዴ ክዳኑ። እኔ ከሷ ተደብቄ ስሞላው፣ እሷ ከኔ ተደብቃ ስትሞላው፣ ስድስት ዓመታችን ነው።»

ከዚያ ከጥግ በኩል ሳሙና ጭኗን በጥፊ መታች።

«አንቺ ቀጣፊ!» አለች፣ ለሟቿ። «እኔ ስድስት ዓመት የቀናሁት በዚህ ነው? ሳልሰማሽ ትሄጂ?» እንባዋ ከሳቋ ቀድሞ ወረደ። «ፋርማሲ፣ ነገ ለኔም አንድ አምጪልኝ። ሁለት አድርጊው።»

የባል እህት ግን አልሳቁም። ብልቃጡን ገልብጠው የሥሩን መስታወት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ብልቃጡ የሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ብልቃጡማ የወንድምዎ ነው» አለች ልጅቷ።

ሴትየዋ ቀና አሉ። የሦስት ቀን እንባ ጉንጫቸውን አድርቆ ሰነጣጥቆታል፤ ውዱ ክሬማቸው ለዚያ አልደረሰላቸውም። ብልቃጡን አቀኑት። ልጅቷ አሁን አፋቸውን ይከፍታሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ሌባ ጣታቸውን ዘርግተው ወደ መሀሉ ሰደዱት።

ልጅቷ የእጃቸውን አንጓ ያዘች።

«ከዳር፣ እትዬ» አለች። «ከዳር ከዳሩ ይውሰዱ። መሀሉን ይተዉልኝ።»

ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ዘመም ያለችውን ጎድጓዳ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን ሰብስበው፣ ከብልቃጡ አፍ ሥር ጥቂት ጠረግ አድርገው ወሰዱና፣ ክዳኑን መልሰው ለልጅቷ አቀበሏት።