የሌሊት ክንድ

ወንዛችን ሴድዩ የሚወለደው ከሁለት ክንዶች ነው። ከደቡብ የሚመጣውን የቀን ክንድ፣ ከሰሜን የሚመጣውን የሌሊት ክንድ እንለዋለን። የሌሊት ክንድ ከደረቀ አርባ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ የቀረው ስሙና ሙጃ የለበሰው ጎድጓዳ መንገዱ ነው።

በነሐሴ ወር ከአውራጃው ኢራይዳ የምትባል ቀያሽ መጣች። እንጨት ቆራጮች በወንዛችን ዳር የቀረውን ደን ለመቁረጥ ፈቃድ ጠይቀው ነበርና ወንዙ መለካት ነበረበት። ከምንጩ እስከ መጨረሻው አሥር ኪሎ ሜትር የሞላ ወንዝ በግራና በቀኙ መቶ መቶ ሜትር ደን ይከበርለታል፤ ያልሞላው ሃምሳ ብቻ። የአደን ጎጆዎቻችንና የየቤተሰቡ ምልክት የተቀረጸባቸው ጥዶች የቆሙት ከሃምሳው ወዲያ፣ ከመቶው ወዲህ ነው። ከዚያ ሌላ ደን አልቀረልንም።

ለልኬቱ ሁለት የመንደር ምስክር ያስፈልግ ነበር። ከቀሩት ስድስት ቤቶች እግራቸው የሚታዘዝላቸው እኔና የኡስቲን ልጅ አግኒያ ብቻ ስለነበርን አብረናት ወጣን።

ሴድዩ ትልቁን ወንዝ ከሚቀላቀልበት ተነሥተን ሽቅብ ተጓዝን። ኢራይዳ በአንገቷ ያንጠለጠለችው መሣሪያ እርምጃችንን ይቆጥራል። አግኒያ መሣሪያውን በጎን እያየች፣ በመጠምዘዣው ሁሉ እንዳይሰንፍ፣ እኛ የዞርነውን እሱ እንዳያቋርጥ ትመክረው ነበር።

«እማማ፣ እሱ አይሰንፍም» አለች ኢራይዳ እየሳቀች።

«ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚባለው። ባሌንም እንደዚያ ብለው ነው የሰጡኝ።»

እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ክንዶች ከሚገናኙበት ደረስን። ዓሣ በውስጡ የተጋገረበት ጥቁር ዳቦ ተካፈልን። ኢራይዳ ቁጥሯን ነገረችን፦ እስከዚህ ሰባት ነጥብ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀን ክንድ ሲጨመር ዘጠኝ ነጥብ አራት ይሆናል። ከዚያም ወደ ደረቁ ጎድጓዳ ዞር ብላ፣ በዚህ በኩል ውኃ ቢወርድ ኖሮ ልኩ አሥራ አንድ ይሞላ ነበር አለች። መቼ እንደደረቀም ጠየቀች።

«አባቴ ነው ያደረቀው» አለች አግኒያ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው።

ታሪኩንም ነገረቻት። በዚያ በጋ ኡስቲን የገደለውን ድብ ቆዳ በሌሊት ክንድ አጥቦ ነበር። ወዲያው ውኃው ጠፋ። መንደሩም የውኃው ጌታ፣ የወንዙ መንፈስ፣ በድቡ ደም ተቆጥቶ ወንዙን ይዞብን ሄደ አለ። ከዚያ መጸው ጀምሮ ኡስቲንን የሚቀበል የአዳኝ ቡድን ታጣ፤ ብቻውን ማደን ጀመረ። በሦስተኛው ክረምት ጎጆው አጠገብ እግሩ ተሰበረ። ብቻውን የሚያድን ሰው ፈላጊ የለውምና የተገኘው በረዶው ሲቀልጥ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም አንገቴን ደፍቼ ነው። በዚያ ቀን ግን ተናገርኩ።

«ውኃውን የወሰድነው እኔና ፕሮኮፒ ነን።»

እስከ መጨረሻውም ተናገርኩ። በዚያ ዓመት የኅብረት እርሻው ለላሞቹ ድርቆሽ ጎድሎት ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ በሌሊት ክንድ ራስ ያለውን ረግረግ አድርቀን ሣር ለማጨድ፣ ዝቅተኛውን ኮረብታ አቋርጠን ወደ ጎረቤቱ ወንዝ የሚወርድ፣ የሁለት አካፋ ስፋት ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፈርን። ከአጨዳው በኋላ ልንደፍነው ነበር። ዝናቡ ቀደመን፤ ውኃው አዲሱን መንገድ ወደደው። ስንመለስ መንደሩ ስለ ድቡ ቆዳ ያወራል። ወሬው ተመቸን፤ ዝም አልን። ፕሮኮፒ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከእሱ በኋላ አፌን የያዘኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

የኢራይዳ ፊት በራ። ሰው የቆፈረው ቦይ ሊደፈን ይችላል፤ ውኃው ከተመለሰ ልኬቱ እስከ ፀደይ ሊቆይ ይችላል አለችና እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አግኒያም ተከተለችን።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ቦታውን ረግጬው አላውቅም። ቦያችንን አጣሁት። በስፍራው ከእኔ ቁመት የጠለቀ፣ ከጋሪ የሰፋ ሸለቆ ተከፍቷል። ከሁለቱም ዳር የበቀሉ ዛፎች በላዩ ላይ ተጋጥመዋል፤ በጥላቸው ሥር ዓሦች ሽቅብ አቅንተው ቆመዋል። ኢራይዳ መሣሪያዋን ከፍታ ካርታውን አየች። ወደ ጎረቤቱ ወንዝ የሚወርድ ሰማያዊ መስመር ተሥሎ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ቦይ አይደለም፤ ወንዝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይሄንንም ሕጉ ይጠብቀዋል። ማንም እንዲደፍነው አይፈቀድለትም።»

አግኒያ ዳሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ከሴድዩ ከመቅዳቷ በፊት ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ውኃውን። በደጅህ ነበር የምታልፈው፤ ትሰማት ነበር?»

«እሰማት ነበር።»

«ለአባቴ ዝም አልክ፤ ለዛፍ ተናገርክ።»

እውነት ነበር። ቦዩ ይደፈናል፣ ደኑ ይተርፋል ብዬ ባላስብ ኖሮ በዚያ ቀንም አልናገርም ነበር።

ኢራይዳ ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዘጠኝ ነጥብ አራት ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሁለተኛው ክንድ የደረቀበት ምክንያት የሚሞላበት ባዶ ስፍራ ነበር። ምን ብላ እንደምትሞላው ስትጠይቅ አግኒያ እርሳሱን ከእጇ ወስዳ ለእኔ ሰጠችኝ። የእኔንና የወንድሜን ስም፣ ያደረግነውንም ጻፍኩ። አግኒያ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ፈረመች። ቅጂም እንዲሰጣት ጠየቀች። ወደ መንደር ስንመለስ ከፊት ከፊት ሄደች፤ እኔ አልደረስኩባትም።

በማግስቱ ቅጂው በሱቁ በር ላይ በአራት ምስማር ተመትቶ አገኘሁት። ኡስቲንን ከቡድናቸው ያስወጡት፣ ልጆቻቸውን ከቤቱ የከለከሉት ሁሉ ሞተዋል። የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ እያነበቡ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዷ ኡስቲን የትኛው እንደነበር ጠየቀችኝ።

በየካቲት የእንጨት ቆራጮቹ ማሽኖች መጡ፤ ሃምሳው ሜትር ላይ ሲደርሱም፣ ሕጉ እንደሚለው፣ ቆሙ። ዛሬ ከመስኮቴ ሆኜ ስመለከት ከቀጭኑ የዛፍ ረድፍ ማዶ ሰማዩ እስከ መሬት ወርዶ ይታያል። ወረቀቱን ማንም አላነሣውም። ዳቦ ልገዛ ስሄድ አግኒያ ቀድማኝ ከገባች፣ ገዝታ እስክትወጣ በሩ ላይ ከወረቀቱ ፊት ቆሜ እጠብቃለሁ።