ወደሚፈታበት የተጎተተ ሽቦ

በጀርባዋ ተንጋልላ ከሞተር ሳይክሉ ሆድ ሥር ገብታ የእጅ ባትሪዋን ስታበራ፣ ሽቦው ተገላቢጦሽ ታስሮ አየችው።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጆቼ። ለእሽቅድድም የሚወጣ ሞተር ሳይክል ሁሉ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኑ ራሱ ላይ ይበሳና በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው ቡሎኑን ወደሚጠብቅበት በኩል መጎተት አለበት፤ ቡሎኑ በንዝረት ብዛት ልላላ ሲል ሽቦው "ወዴት ወዴት?" ብሎ እንዲይዘው። በተቃራኒው ከታሰረ ግን ሽቦ አለ ለማለት ያህል ነው እንጂ የለም። ቡሎኑ ይወልቃል፤ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ይዘረገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚወድቅ አይታወቅም። አምና ሦስተኛው ኩርባ ላይ በሌላ ሰው ዘይት የተንሸራተተው ልጅ ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። ምን አጠፋ? ከኋላ መምጣቱ ብቻ።

ይህን ሽቦ ያሰረው ደግሞ አባቷ ነው።

ጋሼ ሽቦ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም። አርባ ዓመት ሙሉ እሱ ያሰረው ቡሎን አንድም ቀን ወልቆ አያውቅም። እሷም ዛሬ የተቆጣጣሪ ሰደርያ ለብሳ ከየሞተሩ ሥር የምትገባው እሱ ባስተማራት ሙያ ነው። "ዘይት ዘመድ አያውቅም" እያለ ነው ያሳደጋት።

"ምን ሆንሽ እዚያ ውስጥ? እንቅልፍ ወሰደሽ?" አለ አባቷ ከላይ። "ፌንጣ፣ ትራስ አምጣላት እንጂ!"

ፌንጣ ተወዳዳሪው ነው፤ እግረ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት ልጅ። ሳቁ ተሰማት።

ከሥር ወጥታ ሰደርያዋን አራገፈች።

"አባዬ... ሽቦው ትንሽ ዝጓል መሰለኝ። ይቀየር።"

ዋሸች። ሽቦው ገና ከጥቅልሉ የተቆረጠ፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ነበር።

"ዝጓል?" ጋሼ ሽቦ ቅር አለው። ወዲያው ግን ሳቀ። "እሺ እመቤቴ። ከተቆጣጣሪና ከአማት ጋር ማን ይከራከራል!"

ሞተር ሳይክሉን እየገፉ ወደ መጠገኛቸው ጥላ ሄዱ። እሷም መዝገቧ ላይ "አንድ ጊዜ ተመልሷል" ብላ ጻፈች፤ ምክንያቱን ግን ባዶ ተወችው። ባለፈው ሳምንት እናቷ ደውላ፣ "አባትሽ እህቴ ሳትመጣ እራት እንዳይቀርብ አለኝ" ብላት ነበር። እህቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። "ደክሞት ነው እማዬ" ብላ ስልኩን ዘጋች። እንግዲህ ምን ትበል? ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ለማየት ዓይኑ ይከብደዋል።

ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመለሱ።

"ይኸው፣ የአንገት ሀብል አስመስዬ አሰርኩልሽ!" አለ አባቷ።

ገባች። እውነትም ሀብል ይመስላል። ጥምዝምዙ እኩል፣ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ አንድም የላላ ቦታ የለው። አሁንም የተጎተተው ግን ወደሚፈታበት ነው። እጁ ሙያውን አልረሳም፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው የረሳው።

ተንጋልሎ ለሚያለቅስ ሰው እንባው የሚወርደው ወደ ጆሮው ነው። ሁለቱም ጆሮዎቿ እስኪርሱ ድረስ እዚያው ተኛች።

አለቃዋ መዘግየቷን አይቶ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። አንገቱን አዘንብሎ ሽቦውን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

"ሁለተኛው ነው?" አላት በሹክሹክታ።

"ሁለተኛው ነው።"

ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል። በአንድ ቀን ያው ጥፋት ሁለት ጊዜ ከተገኘ ሞተር ሳይክሉ ያን ቀን አይወጣም፤ መካኒኩም የሥራ ፈቃድ ካርዱን ያስረክባል። ያለ ካርድ ደግሞ የትኛውም የእሽቅድድም ሜዳ አያስገባውም።

"ስሚኝ ልጄ" አለ አለቃው። "ሌላ መካኒክ ጠርተን እናሳስረዋለን። ፌንጣም ይወጣል፤ ጋሼም ካርዳቸውን እንዳንጠለጠሉ ቤታቸው ይገባሉ። አንቺም አልጻፍሽ፣ እኔም አላየሁ።"

"የሚቀጥለው እሁድስ? እኔ የሌለሁበት ሜዳ ሲሄድስ?"

አለቃው ጋሼ ሽቦን በጎን አየው።

"እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" አለ በመጨረሻ። "የኔ እጅ አይጽፍባቸውም። አንቺ እንደ ወደድሽ።" ተነስቶ ወደ ሌላው ሞተር ሳይክል ሄደ።

"ምንድነው ሹክሹክታው?" አለ ጋሼ ሽቦ። ጉልበቱን እያንቋቋ ተንበረከከ፤ ጉንጩን አስፋልቱ ላይ አስደግፎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ፊቱ ተለወጠ።

"የማን እጅ ነው ይሄ?"

ፌንጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

"የማን እጅ ነው እኮ ነው የምላችሁ! ይሄ ወደሚፈታበት ነው የተጎተተው! ሰው ሊያስጨርስ ነው እንዴ? ይሄን ያሰረውን ሰው አሁኑኑ ከዚህ አስወጡልኝ!"

ፌንጣ አፉን ከፈተ። "ጋሼ፣ አሁን እኮ እርስዎ ራስዎ..."

"የኔ ነው" አለች ልጁ ከሥር እየወጣች። "እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ አባዬ።"

ሽማግሌው አያት። ቁጣው ከእሳት ላይ እንደወረደ የፈላ ወተት ወደ ታች ሟሸሸ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"አይ የኔ እናት!... በይ ነይ፣ ተቀመጪ እዚህ።"

አስፋልቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በጣቱ ወደ ቡሎኑ እያመለከተ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ፊት እንዳያዋርዳት እየተጠነቀቀ ያስረዳት ጀመር። "ቡሎኑ ወዴት ነው የሚጠብቀው? ወደ ቀኝ። ሽቦውስ ወዴት ይሳበው? ወደ ቀኝ። ላምልጥ ሲል አንገቱን ይዞ ያስቀረዋል። በዓይንሽ አትመኚ፤ አስረሽ ስትጨርሺ በጣትሽ ወደ ግራ ግፊው። ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም።"

አንድም ቃል አልተሳሳተም። እሷም እንደ አዲስ ተማሪ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። የድምፅ ማጉያው ተወዳዳሪዎችን ወደ መነሻው መስመር መጥራት ጀመረ። ሞተሮች ተራ በተራ እየጮኹ በአጠገባቸው አለፉ።

"ፌንጣ ዛሬ አይወጣም" አለ ጋሼ ሽቦ። "አትቀየመን ልጄ። ሁለት ጊዜ ተመልሷል።"

"ምንም አይደል ጋሼ" አለ ፌንጣ። ሄልሜቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ቆመ።

"አንቺ ደግሞ ጻፊው እንግዲህ" አላት አባቷ። "አፈርኩ ብለሽ እንዳታልፊው። ያልተጻፈ ጥፋት ሌላ ቀን ሬሳ ይዞ ነው የሚመጣው።"

መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። በጥፋቱ ቦታ "የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ሽቦ፣ ተገላቢጦሽ፣ ሁለተኛ ጊዜ" ብላ ጻፈች። ከሥሩ ያጠፋው ሰው የካርድ ቁጥር የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶዋ እዚያ ላይ ቆመ።

አባቷ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ስለከተተ ፊደሉን ማንበብ አይችልም፤ እጇን ብቻ ነው የሚያየው።

"እጅሽ ቆመ" አላት፤ ትከሻዋን አቀፋት። "አይዞሽ። በራስ ላይ መጻፍ ከባድ ነው።"

"ከባድ ነው አባዬ" አለችና፣ በቃሏ የምታውቀውን የሱን ቁጥር አንድ በአንድ ጻፈች።