ሁለት ተኩል

1.

«እንቺ፣ ይኸው ሜትር። ቴፕሽን ለኪበት!»

2.

ይቺን ያላት አለቃዋ ፋንታሁን ነው። እሷ «ጋሽ ፋንታሁን፣ እርስዎ» ትለዋለች። እኔ ደሞዙን አልበላሁ፣ ምን ዕዳ አለብኝና አንቱ እለዋለሁ?

ቦታው ሐዋሳ ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ የቪዲዮ ቤቱ ሠራተኞች የእንቁጣጣሽ ምሳ ላይ። ፋንታሁን በየዓመቱ ዓሣው ተበልቶ ሲያበቃ ይነሳና ለእያንዳንዱ የፌዝ ስጦታ ይሰጣል። አርፋጅ ለሆነው ካሜራማን ለዳንጊሶ የደወል ሰዓት ሰጠው። ኮምፒውተሮቹን ለምትጠብቀው ለእቴነሽ ደግሞ ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ዓይነት ቢጫ ሜትር።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ።

እቴነሽም ሳቀች። ያንን ሳቋን ለራሷ ይቅር ብላ አታውቅም።

3.

ምን አጥፍታ ነው? እውነት ተናግራ!

ቪዲዮ ቤቱ ያለፉትን ዓመታት ሰርግ፣ ምርቃትና ለቅሶ በሙሉ ኮምፒውተር ላይ አከማችቷል። ኮምፒውተር አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ሁሉም ነገር፣ የድሮውን ቅጂ እያጠፋ፣ ቴፕ ላይ እንደ አዲስ ይገለበጣል። ቴፑ መዳፍ የምትሞላ ጥቁር ካሴት ናት። ካርቶኗ ላይ፣ የምትይዘው መጠን፣ በትልቁ «6.25 ቴራባይት» ይላል። ከሥሩ፣ ለጉንዳን በተጻፈ ፊደል፣ «ሲጨመቅ» ይላል። ሳይጨመቅ 2.5 ነው።

ጽሑፍ ይጨመቃል። ቪዲዮ ግን ገና ሲቀረጽ ካሜራው ውስጥ ተጨምቆ ያለቀ ነገር ነው። የተጨመቀ ሎሚ ደግማችሁ ብትጨምቁት እጃችሁን ነው የሚያማችሁ።

ፋንታሁን ቴፑን የገዛው በትልቁ ቁጥር ነው፤ አንድ ቴፕ ለሁሉም ይበቃል ብሎ።

4.

እቴነሽ «በአፍ ከምሟገት ልለካው» አለች። አዲስ ቴፕ ከተተችና እስኪሞላ ድረስ እውነተኛ ቪዲዮ ገለበጠችበት። ማህደሮቹ በባለጉዳዮቹ ስም፣ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። የሳምንቱ ቅጂ ሁልጊዜ ከ«ሀ» ስለሚጀምር ለሙከራው እሷ ከመጨረሻው ጀመረች። ከፔትሮስ ተነስታ ወደ ኋላ፦ ፈ፣ ፀ፣ ጠ፣ ገ፣ ደ…

እንዳለ የሚባል ሰው ሰርግ ላይ ስትደርስ ቴፑ ሞላ።

ሁለት ተኩል።

የሳምንቱን ቅጂም አየችው። እሱም ከ«ሀ» ተነስቶ እዚያው የእንዳለ ሰርግ ደጃፍ ላይ ነው የሚሞላው። ሁለቱ ቴፖች ተጨባብጠዋል ማለት ነው። ከእንዳለ ፊት ያለው፣ የሳምንቱ ቴፕ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ማህደር የራሷ የእቴነሽ ሰርግ ነው።*

* አባቷ ቆመው ሲመርቋት የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው። ከሰርጓ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ዲቪዲው ዘመድ ቤት ሲዞር ተጫጭሮ ቀርቷል።

5.

ንግግሩ ይኸውላችሁ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

እቴነሽ፦ ጋሽ ፋንታሁን፣ ለክቼዋለሁ። ሁለት ተኩል ነው የሚይዘው። ሁለት ቴፕ ያስፈልገናል።

ፋንታሁን፦ ካርቶኑን አላየሽም?

እቴነሽ፦ አይቼዋለሁ፤ ግን እሱ—

ፋንታሁን፦ አንቺ ከፋብሪካው ትበልጫለሽ?

እቴነሽ፦ ኧረ አልወጣኝም! ይኸው ከመጨረሻው ፊደል ጀምሬ የሞላሁት ቴፕ፣ ራስዎ ይዩት።

ፋንታሁን፦ ጣይው! ማሽኑም «ሁለተኛ ቴፕ አስገቡ» እያለ አይጨቅጭቀን። ዳንጊሶ፣ ያንን ነገር ዝጋልኝ።

ዳንጊሶ፦ (ዘጋው።)

ከዚያ ምሳው መጣ። ከምሳው በኋላ ደግሞ እቴነሽ ስልክ እንድታነሳ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ዲግሪዋን ይዛ።

6.

ቂም እንዴት እንደሚያዝ፦

ሜትሩን አትጣሉት። አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉትና በየቀኑ ሥራ ግቡ። ደንበኛ «ልብስ ትሰፊያለሽ እንዴ?» ሲላችሁ፣ አለቃችሁ እየሰማ፣ «አይ፣ ቴፕ ነው የምለካው» በሉ።

ጣይው የተባላችሁትን ቴፕ መሳቢያችሁ ውስጥ ቆልፉበት።

ዝም በሉ። ከግማሽ ያላነሰው ሥራ በየሳምንቱ ሳይገለበጥ እንደሚቀር እያወቃችሁ፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ» በሉ። ሰላምታችሁ ይሙቅ።

7.

አንባቢዬ፣ «ክፉ ናት» ልትላት ነው? ቆይ።

የፋንታሁን ሚስት እትዬ ፀዳለ ነበሩ። እቴነሽን የቀጠሯት እሳቸው፣ ሰርጓን በስጦታ ያስቀረጹላት እሳቸው። ሲሞቱ ከእሷ በላይ ያለቀሰ የለም። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ያቺ ሜትር ከካርቶኗም አትወጣም ነበር።

የሳቸው ቪዲዮ በ«ፀ» ሥር ነው። የ«ፀ» ቅጂ ደግሞ እሷ መሳቢያ ውስጥ ካለው ቴፕ በቀር የትም የለም። ፋንታሁን ይህን አያውቅም። እቴነሽ ግን ታውቃለች፤ በየማለዳው ቁልፉን ስትዳስስ ደስ ይላታል። ደስ ይላታል ስላችሁ፣ ጥርሷን ነክሳ ነው።

8.

መብራት ሄደ።

መጣ።

አመጣጡ ግን የጤና አልነበረም። በአንድ ጊዜ ሽቅብ ዘሎ የኮምፒውተሮቹን ዲስኮች በሙሉ አቃጠላቸው።

9.

ዳንጊሶ የሳምንቱን ቴፕ ከተተ። ሀ ወጣ። ለ ወጣ። መ፣ ሰ፣ በ፣ ተ… ከዚያ ቴፑ አለቀ።

«ፀስ?» አለ ፋንታሁን።

«የለም፣ ጋሼ።»

«እንዴት የለም? ስድስት ከሩብ አይደል እንዴ!»

ዳንጊሶ ወደ እንግዳ መቀበያው አየ። ፋንታሁንም አየ። ቢጫዋ ሜትር እዚያው ናት፣ እቴነሽ አንገት ላይ።

10.

ይህን ክፍል እቴነሽ ዓመቱን ሙሉ በልቧ ስትለማመደው ከርማለች፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ልንገራችሁ።

ፋንታሁን ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እቴነሽ፣ የእኔ ልጅ» አለ። ልጄ ብሏት አያውቅም። «ያ ቴፕ… ያኔ ጣይው ያልኩሽ…»

«የትኛው ጋሼ?»

«እባክሽ። የፀዳለን ድምፅ ከዚያ ውጪ የት አገኘዋለሁ? በመድኃኔ ዓለም!»

ሠራተኛው ሁሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ልክ እንደ ምሳው ቀን፣ የሚስቅ ግን የለም።

«አንድ ቴፕ ስንት ይይዛል፣ ጋሽ ፋንታሁን?»

«ሁለት ተኩል» አለ በሹክሹክታ።

«አልተሰማም።»

«ሁለት ተኩል!»

እቴነሽ ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀች። ሽማግሌው ገባውና ጎንበስ አለላት፣ መስቀል እንደሚሳለም ሰው። አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተች።

እንዴት ጣፈጣት! እውነቴን ነው፣ የዚያን ዕለት ከማር ጣፈጣት።

11.

እትዬ ፀዳለ ስክሪኑ ላይ መጡ፤ የሆነ ሰው ልደት ላይ ናቸው። «አንተ ፋንታሁን፣ ካሜራውን ከፊቴ ዞር አድርግ!» ብለው ሳቁ። ፋንታሁን ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ዳንጊሶም ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ጠረገ።

ፋንታሁን ሲረጋጋ የእቴነሽን እጅ ያዘ። «በድዬሻለሁ» አለ። «አሁን ያንቺን ክፈቺው እስቲ። አባትሽ ሲመርቁ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አብረን እንያቸው።»

እቴነሽ ፈገግ ብላ ከሁለቱ ቴፖች የወጣውን ዝርዝር ወረደች።

አስቴር

አስናቀች

 

 

 

 

እንዳለ

እንግዳወርቅ

12.

ቴፖቹ አልተሳሳቱም። ሁለቱም ሁለት ተኩል፣ ሁለት ተኩል ይዘዋል።

ግን ዓመቱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የነሃይማኖት፣ የነመሠረት፣ የነሰላማዊት ሰርግ ገባ። አዲሱ ከፊት በገባ ቁጥር የሳምንቱ ቴፕ ቀድሞ ሞላ፤ ጫፉ ላይ የነበረው፣ መጀመሪያም የእቴነሽ ሰርግ፣ እየተገፋ ወደቀ። የመሳቢያው ቴፕ ደግሞ ተቆልፎበት ከርሟል፣ ከእንዳለ ወዲህ ስንዝር አልመጣም። እቴነሽ የለካችው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ቂሟን ስትጠብቅ መለካቱን ረሳችው።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እሷ ይህን ተረት ለፋንታሁን ነበር ያስቀመጠችው።

13.

ዳንጊሶ፦ እቱ፣ ያንቺ የታለ?

ፋንታሁን፦ ቆይ ቆይ። ይሄ ሁሉ በየሳምንቱ ሳይገለበጥ ሲቀር… አንቺ ታውቂ ነበር?

እቴነሽ፦