የግራ እጅ ተማሪዎች

የዞን ሱፐርቫይዘር ሐሙስ እንደሚመጡ ርዕሰ መምህሩ አቶ እንደሻው የነገረን ሰኞ ነው። "ክፍሉ ይንቃ! ሁሉም እጁን ያውጣ!" አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዘዴውን ታውቁታላችሁ" አለን። እናውቀዋለን። የሚያውቅ ተማሪ ቀኝ እጁን ያወጣል፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ቀኝ ቀኙን እየመረጠ ይጠይቃል፣ እንግዳው የወጣውን እጅ ብዛት አይቶ ይደነቃል። ተማሪ ሳለሁ በዚህ ማጭበርበር አንጀቴ ይቃጠል ነበር። አሁን ሳጉሬ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አለማመድኳቸው። ትፍ!

ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እስኪወስኑ እንኳ አልጠበቅኩም። የፈተና ውጤታቸውን ይዤ መደብኳቸው፤ ከሃምሳ በታች ያመጣ ሁሉ ግራ። በማግስቱ ክፍሉ ስም አውጥቶላቸው ነበር፦ "ቢታ"። በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው።

ሰኪና ከነዚህ አንዷ ናት። "ሒሳብ ለኔ አልተፈጠረም" ትላለች። እህቷ ጠይባ አርቦዬ ከተማ ሱቅ አላት፤ ሰኪና በዚህ ሴሚስተር ካልተሻሻለች ትምህርቱን ትታ እዚያ ልትገባ ተነጋግረዋል። እኔ ግን ደብተሯን አይቼዋለሁ። በትክክል የሠራችውን ጥያቄ፣ ኢርሻድ ሌላ መልስ ካመጣ ትሰርዘዋለች። ኢርሻድ በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድኗ መሪ ነው፤ ድምፁም ትልቅ ነው።

ስመድባት "ቲቸር፣ የማውቀው ከሆነስ?" አለችኝ።

"አንቺ ለማንኛውም ግራሽን አውጪ" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። በግራ እጅ ዕቃ እንኳ በማይቀባበሉበት ቤት ያደገች ልጅ!

ሐሙስ ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ ወለላ ፎርማቸውን ይዘው ኋላ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቲያትራችን ጥሩ ሄደ። ከዚያ ተነስተው ጠመኔ ጠየቁኝና ከተለማመድነው ውጭ የሆነ፣ ቅንፍ ያለበት እኩልታ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ኢርሻድ ቀኙን አውጥቶ ተሽቀዳደመ፤ ቅንፉን ሲፈታ ሁለተኛውን ቁጥር ማባዛት ረስቶ ዘጠኝ አለ። "አይደለም" አሉት። ቀኝ እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ግራዎቹ እንዳያወርዱ ታዘዋልና እንደተሰቀሉ ቀሩ።

"አንቺ ነይ" አሉ፣ ሰኪናን። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፤ አልሰሙኝም። ሰኪና ወጣች። ሁለቱንም አባዛች፣ አሻገረች፣ ቀነሰች፤ አስራ ሰባት ብላ ጻፈች።

"ጎበዝ! እንዴት አገኘሽው?"

ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። "ከኢርሻድ አይቼ ነው።"

ከተሳሳተው ልጅ! ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወይዘሮ ወለላ ወደ እኔ ዞረው "እውነት ነው መምህር?" አሉ። አቶ እንደሻው በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል። ራሷ ነች የሠራችው ብል፣ ታዲያ ለምን ትዋሻለች ይሉኛል፤ ከዚያ ጉዳችን ሁሉ ይዘረገፋል።

"አዎ፣ ከሱ ነው ያየችው" አልኩ። "እርስ በርስ እንዲማማሩ እናበረታታለን።"

ፎርማቸው ላይ ጻፉት። "እጅግ በጣም ጥሩ" ተሰጠኝ። አቶ እንደሻው ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርገኝ እጁን ብነክሰው ደስ ባለኝ፤ የኔ እጅ ከሱ የጸዳ ይመስል።

ከሰዓት ሰኪናን በረንዳ ላይ አገኘኋት። "ስሚኝ" አልኳት፣ "ኢርሻድ ዘጠኝ ነው ያለው። አስራ ሰባትን ከየት ታይዋለሽ? በራስሽ ጭንቅላት ነው የሠራሽው። ትችያለሽ፤ ትምህርትሽን እንዳትተዪ።"

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ የተሳሳትኩትን እኔን ለማረም የፈለገች ነው የምትመስለው።

"እርስዎ ራስዎ ከሱ ነው ያየችው ብለዋል እኮ፣ ቲቸር" አለችኝ።